"ይህማ ማንም ይሠራዋል" ሲባል "ማንም" ማን ነው? የአምፖል ፓተንት ክርክሮች የሚያስተምሩን

 

የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት በደረሰ ቁጥር ከምንሰማቸው አስተያየቶች አንዱ "ይህማ ማንም ይሠራዋል" የሚለው ነው። አንድ ቡድን ወራት ደክሞበት የሠራውን ይዞ ይቀርባል። ከተመልካቾቹ አንዱ ገና ሲያየው "ምን አዲስ ነገር አለው?" ይላል። አስተያየቱ ትክክል ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ግን "ማንም" የተባለው ሰው ማን ነው? በመንገድ የሚያልፈው ሰው ነው? አምፖል የሚቀይረው ኤሌክትሪሺያን ነው? ወይስ ዲፓርትመንቱን የሚመራው ፕሮፌሰር?

በፓተንት ሕግ ውስጥ ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። መልሱ አንድን ፈጠራ ከነ መብቱ ሊያጸና ወይም ሙሉ በሙሉ ሊሰርዘው ይችላል። በዚህ እትም ጥያቄውን በመብራት ታሪክ ውስጥ በተነሡ ሁለት ታላላቅ ክርክሮች በኩል እንመለከተዋለን። የሕግ ተማሪ ለሆናችሁ ከትምህርታችሁ ጋር ይያያዛል፤ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ለሆናችሁ ደግሞ ስለ ራሳችሁ ሥራ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓተንትና ሁለቱ ጥያቄዎች

ፓተንት መንግሥት ለፈጠራ ባለቤት ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው ብቸኛ መብት ነው። በዚያ ዘመን ሌላ ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ፈጠራውን ሊሠራው፣ ሊሸጠው ወይም ሊጠቀምበት አይችልም። መብቱ ግን በነጻ አይገኝም። የፈጠራው ባለቤት በምላሹ ያገኘውን ዕውቀት ለሕዝብ በጽሑፍ ይገልጣል። ዘመኑ ሲያልፍ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል።

ስለዚህ ፓተንት ሲመረመርም ሆነ በፍርድ ቤት ሲሞገት፣ ከሌሎች ነጥቦች ጋር ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፦ ፈጠራው ቀድሞ ከታወቀው ነገር በእርግጥ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዷል ወይስ የሙያው ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚደርስበት ነው? ሁለተኛው፦ ባለቤቱ የጻፈው መግለጫ ሌላው የሙያው ሰው አንብቦ ፈጠራውን ለመሥራት ያስችለዋል ወይ?

ሁለቱም ጥያቄዎች ውስጥ "የሙያው ሰው" አለ። ይህ ሰው በሥጋና በደም የሚኖር ሰው አይደለም፤ ሕጉ ለመለኪያነት በሐሳብ የፈጠረው ነው። በሙያው ተራ ክህሎት ያለው ሰው ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ "ተራ ባለሙያ" እንለዋለን። "ተራ" ስንል ለማናናቅ አይደለም፤ በሙያው መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ ሥራውን በሚገባ የሚያውቅ ማለታችን ነው። በመስኩ ቀድሞ የታተመውንና የታወቀውን ሁሉ እንደሚያውቅ ይቆጠራል፤ ሊቅ ግን አይደለም።

ሐሳቡ ሥር የሰደደው በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1851 በተወሰነ ጉዳይ ነው። የክርክሩ መነሻ የበር እጀታ ነበር። ከብረትና ከእንጨት ይሠራ የነበረውን እጀታ አንድ ወገን ከሸክላ ሠርቶ ፓተንት አወጣበት። ፍርድ ቤቱ ሥራው ያንን ሙያ ከሚያውቅ ተራ የእጅ ባለሙያ ችሎታ የማይበልጥ ከሆነ ፈጠራ ሊባል አይችልም ሲል ፓተንቱን ውድቅ አደረገው። በ1952 የወጣው የአሜሪካ የፓተንት ሕግ ይህን መለኪያ በአንቀጽ አሰፈረው። በ1966 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በቅድሚያ ሊያጣሯቸው የሚገቡ ሦስት ነጥቦችን ዘረዘረ፦ ቀድሞ የታወቀው ምን ነበር? ፈጠራው ከዚያ በምን ይለያል? በሙያው ያለው ተራ ክህሎት ደረጃው የት ነው?

አንድ ሰው፣ ሁለት ሚዛን

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። የተራ ባለሙያው ደረጃ ከፍ ሲል ለፓተንቱ ባለቤት በአንድ በኩል ይጎዳዋል፣ በሌላ በኩል ይጠቅመዋል።

ተራ ባለሙያው በጣም የተማረ ነው ካልን፣ ብዙ ነገር በቀላሉ ይታየዋል። ስለዚህ "ይህ ፈጠራ ለእርሱ ግልጽ ነበር" ማለት ይቀላል፤ ፓተንቱ ይወድቃል። በሌላ በኩል ይኸው የተማረ ሰው አጭርና ጎዶሎ መግለጫ ቢሰጠውም ቀሪውን ከራሱ ዕውቀት ይሞላዋል። ስለዚህ "መግለጫው በቂ ነው" ማለት ይቀላል፤ ፓተንቱ ይጸናል።

ደረጃው ዝቅ ካለ ነገሩ ይገለበጣል። ፈጠራው ከባለሙያው አቅም በላይ መሆኑን ማሳየት ይቀላል፤ ነገር ግን መግለጫው እያንዳንዱን እርምጃ ዘርዝሮ ማስተማር ይኖርበታል።

ተከራካሪ ወገን ደረጃውን እንደ ጥያቄው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይፈልግ ይሆናል። ለመጀመሪያው ጥያቄ ጀማሪ፣ ለሁለተኛው ጥያቄ ሊቅ ይዞ ሊቀርብ ግን አይችልም። ሰውየው አንድ ነው። ይህን ይዘን ወደ አምፖሉ ታሪክ እንግባ።

የከሰሉ ክር እና ከስድስት ሺህ በላይ ዕፅዋት

ዊልያም ሶየርና አልበን ማን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በጥር 1880 አንድ የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ። በአምፖል ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ግሎ የሚያበራውን ክፍል የሚመለከት ነበር። እነርሱ የሠሩት ወረቀትንና እንጨትን ወደ ከሰልነት ለውጠው ነው። ፓተንቱ በ1885 ሲሰጥ ግን የጠየቁት መብት ከሠሩት በእጅጉ የሰፋ ነበር፦ ከማንኛውም ጭረት ካለው ወይም ከተሸመነ ነገር በከሰልነት የተሠራ፣ የቀስት ወይም የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ማብሪያ ሁሉ የእኛ ነው አሉ።

እስቲ ይህ ምን ያህል እንደሆነ እናስብ። ጥጥ፣ ሐር፣ ቃጫ፣ ሣር፣ ሸምበቆ፣ ቀርከሃ፣ የዛፍ ዓይነት በሙሉ በዚህ ውስጥ ይገባል።

በዚያው ጊዜ ቶማስ ኤዲሰንና ባልደረቦቹ ሙከራ ላይ ነበሩ። ብዙ የእንጨት ዓይነት ሞክረው ተስፋ ቆረጡ። በኋላ ከአንድ ማራገቢያ ጠርዝ ላይ የተገኘች የቀርከሃ ስንጥር ሲሞክሩ ያልጠበቁት ውጤት አገኙ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩአት የቀርከሃ ጭረቶች ከሌላው እንጨት ይበልጥ እርስ በርሳቸው ትይዩ ሆነው እንደሚሄዱ ተገነዘቡ። ኤዲሰን ተስማሚውን ቀርከሃ በብዛት እንዲያገኝለት ሰው ወደ ጃፓን ላከ።

የሶየርና የማን ፓተንት ባለመብት የሆነው ኮንሶሊዴትድ ኤሌክትሪክ ላይት ኩባንያ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት የቀርከሃ ክር ያላቸውን አምፖሎች ይጠቀም የነበረውን የመኪስፖርት ላይት ኩባንያ ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በኅዳር 1895 ውሳኔ ሰጠ፤ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሄንሪ ብራውን ነበሩ። ከሳሹ ተረታ።

ምክንያቱን በጥሞና እንየው። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ጠየቀ፦ የሙያው ሰው ይህን ፓተንት ይዞ ቢቀመጥ የትኛው ጭረት እንደሚሠራና የትኛው እንደማይሠራ ያውቃል ወይ? ሶየርና ማን ጭረት ያላቸው ነገሮች ሁሉ በጋራ የሚካፈሉትን፣ ለማብሪያነት የሚያበቃቸውን አንድ ባሕርይ አግኝተው ቢሆን ኖሮ ሰፊ መብት መጠየቃቸው ባልከፋ ነበር። ግን እንዲህ ያለ የጋራ ባሕርይ አልተገኘም። በምርመራ የታዩት ከ6,000 በላይ ዕፅዋት እንዳሳዩት፣ አብዛኞቹ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የሚሆነውን ለማግኘት ራስን የቻለ አድካሚ ምርምር ያስፈልግ ነበር። ፓተንቱ ደግሞ ያንን ምርምር አልሠራም፤ ሥራውን ለአንባቢው ትቶ ትርፉን ለራሱ ጠየቀ።

እዚህ ላይ የተራ ባለሙያው ሚና ጎልቶ ይታያል። በ1880 የነበረ መካከለኛ የመብራት ባለሙያ ወረቀትን ማክሰል ይችላል፤ ቅርጽ መስጠት ይችላል፤ ከሽቦ ጋር ማገናኘት ይችላል። ይህን ማስተማር አያስፈልገውም። የዕፅዋትን ዓለም አስሶ ትክክለኛውን መምረጥ ግን ከተራ ክህሎት በላይ ነው። የተራ ባለሙያ አቅም እስከየት እንደሆነ ስናውቅ፣ መግለጫው ምን መናገር እንደነበረበትም እናውቃለን።

ይህ ውሳኔ አላረጀም። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ኮሌስትሮል መድኃኒት በተነሣ የአምጀንና የሳኖፊ ክርክር፣ ከ128 ዓመት በፊት የተሰጠውን የአምፖል ፍርድ ጠቅሶ ተመሳሳይ መርሕ በሙሉ ድምፅ አጽንቷል፦ ብዙ ለመጠየቅ ብዙ ማስተማር ያስፈልጋል።

ቀጭኑ ክር፦ ለባለሙያ ግልጽ ነበር?

ሁለተኛው ክርክር የኤዲሰንን የራሱን ፓተንት ይመለከታል። በጥር 1880 የተሰጠው ይህ ፓተንት ቀጭን የከሰል ክርን፣ ሙሉ በሙሉ ከመስታወት የተሠራ ቤትንና ከውስጡ አየር መውጣቱን ያጣመረ ነበር። ተከሳሹ ዩናይትድ ስቴትስ ኤሌክትሪክ ላይቲንግ ኩባንያ ነው። የከሰል ማብሪያ ቀድሞም ነበር፤ መስታወትም ነበር፤ አየር ማውጫ ፓምፕም ነበር። ታዲያ ወፍራሙን የከሰል ዘንግ ማቅጠን ምን ፈጠራ አለበት? ይህ የመጠን ልዩነት ብቻ ነው የሚል ሙግት ቀረበ። "ማንም ይሠራዋል" ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

መልሱን ለመረዳት ከፊዚክስ ክፍል የምናውቀውን እናስታውስ። አንድ 100 ዋት የሚፈልግ መብራት እንውሰድ። መከላከሉ 1 ኦም ከሆነ 10 አምፒር ኤሌክትሪክ ያስፈልገዋል። መከላከሉ 100 ኦም ከሆነ ግን 1 አምፒር ይበቃዋል። በመስመሩ ሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በአምፒሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ በአንድ ዓይነት ሽቦ ላይ የመጀመሪያው አምፖል ብክነት የሁለተኛውን 100 እጥፍ ይሆናል። ብክነቱን እኩል ለማድረግ 100 እጥፍ ወፍራም መዳብ ያስፈልጋል። አንድ ከተማን በእንዲህ ዓይነት ሽቦ ማብራት የማይታሰብ ነው።

ከኤዲሰን በፊት የነበሩት ሠሪዎች በአብዛኛው ዝቅተኛ መከላከል ያላቸውን ወፍራም ዘንጎች ይጠቀሙ ነበር። ቀጭን ከሰል ቶሎ ይበላል፣ ይሰበራል የሚል ግምትም ነበር። የኤሌክትሪክን ብርሃን ለየቤቱ አከፋፍሎ ማዳረስ ከንቱ ሕልም ነው የሚሉ አዋቂዎችም ጥቂት አልነበሩም። ብሪታንያዊው መሐንዲስ ዊልያም ፕሪስ በ1879 በይፋ እንዲህ ብሎ ነበር። የሙያው አንጋፋዎች በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዶ የተሳካለትን ሰው "ማንም ያደርገው ነበር" ማለት ይከብዳል።

ዳኛ ዊልያም ዋላስ በሐምሌ 1891 ለኤዲሰን ወገን ፈረዱ። በእርሳቸው እይታ እንዲህ የቀጠነ የከሰል ክር አየር በሌለበት ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማብራት መቻሉ በራሱ አስደናቂ ግኝት ነበር። በ1892 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አጸናው።

ሁለቱን ክርክሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ትምህርቱ ይገለጣል። በአንደኛው ፓተንቱ የወደቀው ተራ ባለሙያው በመግለጫው ብቻ ሊሠራ ስላልቻለ ነው። በሌላው ፓተንቱ የጸናው ተራ ባለሙያው በራሱ ሊደርስበት ስላልቻለ ነው። የተለካው በዚያው ዘመን የመብራት ባለሙያ አቅም ነው።

ደረጃው በምን ይለካል?

ዛሬ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የተራ ባለሙያውን ደረጃ ለመወሰን የሚከተሉትን ይመለከታሉ፦

1. በመስኩ የሚያጋጥሙት ችግሮች ምን ዓይነት ናቸው?
2. ለእነዚህ ችግሮች ቀድሞ የተገኙት መፍትሔዎች ምን ነበሩ?
3. አዳዲስ ግኝቶች በምን ፍጥነት ይመጣሉ?
4. ቴክኖሎጂው ምን ያህል የተወሳሰበ ነው?
5. በመስኩ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች የትምህርት ደረጃቸው ምንድን ነው?

ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል። ለምሳሌ ስለ መኪና ፔዳል በተነሣና በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤት በወሰነው ጉዳይ፣ ተራ ባለሙያው በመካኒካል ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ ያለውና የመኪና ፔዳል አሠራርን የሚያውቅ ሰው ነው ተብሎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚሁ ጉዳይ ይህ ሰው ዝም ብሎ መመሪያ የሚከተል ማሽን እንዳልሆነ፣ ተራ የፈጠራ ችሎታም እንዳለው አስገንዝቧል። የታወቁ ነገሮችን አገጣጥሞ ማየት ይችላል።

ወደ ዘመናችን መብራት ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። እስቲ አንድ ምሳሌ በሐሳባችን እንፍጠር። አንድ ኩባንያ ብርሃኑ የማይርገበገብ የኤል ኢ ዲ አምፖል ላይ ፓተንት አለው እንበል። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ያለ ማጣሪያ የሚሠራ ኤል ኢ ዲ ብርሃኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። የሰርኪዩት ባለሙያ መፍትሔውን ወዲያው ይነግራችኋል፦ ትልቅ ካፓሲተር ጨምሩበት። ነገር ግን በጠባቡ የአምፖል አካል ውስጥ ሙቀት አለ፤ ለዚህ ሥራ የሚዘወተረው ዓይነት ካፓሲተር ደግሞ በሙቀት ዕድሜው ያጥራል። ኩባንያው ይህን ችግር በሌላ ዘዴ ፈትቶት ከሆነ፣ ዘዴው ለማን ነው ግልጽ የሚሆነው? አምፖል ለሚገጥመው ኤሌክትሪሺያን? ሰርኪዩት ብቻ ለሚያውቀው መሐንዲስ? ወይስ ሰርኪዩትንም የሙቀት አወጋገድንም ለሚያውቀው የአምፖል ዲዛይነር?

መለኪያው ችግሩን በትክክል የሚፈታው የሙያ ሰው ነው። በ2007 የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ስለ ጆሮ ጠብታ መድኃኒት በተነሣ ጉዳይ፣ የሥር ፍርድ ቤቱ ተራ ባለሙያው ጠቅላላ ሐኪም ነው ማለቱ ስሕተት እንደሆነ ወስኗል። ፈጠራው የጆሮ መድኃኒት ማበልጸግ ስለሆነ መለኪያው ያንን የሚሠራው ባለሙያ መሆን ነበረበት። ያ አንድ ነጥብ ሲቀየር የክርክሩ ውጤትም ተቀየረ። በአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት አሠራር ደግሞ፣ ሥራው ብዙ ሙያ ሲጠይቅ ይህ የሐሳብ ሰው የባለሙያዎች ቡድን ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህ ሰው የሚኖረው በትናንት ነው። ፈጠራው ግልጽ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው የሚመዘነው ማመልከቻው በገባበት ቀን በነበረው ዕውቀት ነው። መልሱን ካወቁ በኋላ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስላል። ሰማያዊው ኤል ኢ ዲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች በጋሊየም ናይትራይድ ተስፋ ቆርጠው ወደ ዚንክ ሴሌናይድ ባዘነበሉበት ዘመን፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ በተተወው መንገድ ጸንተው ውጤት አገኙ፤ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ ያ መንገድ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ስላለ ብቻ ያን ጊዜም ግልጽ ነበር ማለት አይቻልም።

በአገራችን ሕግና በእኛ ሥራ

ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ፓተንት የሚሰጠው ፈጠራው አዲስ፣ የፈጠራ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊተገበር የሚችል ሲሆን እንደሆነ ይደነግጋል። የፈጠራ ብቃቱ የሚለካውም በዚያው በመስኩ ተራ ክህሎት ባለው ሰው ዓይን ነው። የፓተንቱ ዘመን 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ እየዋለ መሆኑ ሲረጋገጥ በ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። አዋጁ ወደ ፓተንት ደረጃ ለማይደርሱ ጠቃሚ ማሻሻያዎችም የአነስተኛ ፈጠራ መንገድ ከፍቷል።

ስለዚህ ፕሮጀክት የምትሠሩ እህት ወንድሞቻችን ሦስት ነገር እንድትይዙ እንመክራለን።

አንደኛ፣ የሥራ ማስታወሻችሁን በቀን በቀኑ ጻፉ። የሞከራችሁትንና ያልተሳካውንም ጨምሩ። "ማንም ይሠራዋል" ለሚለው ጥሩው መልስ፣ በሙያው ያለ ሰው በተለመደው መንገድ ሞክሮ የት ላይ እንደሚቆም ማሳየት ነው።

ሁለተኛ፣ መግለጫ ስትጽፉ አንድ የዲፓርትመንታችሁን ተመራቂ በዓይነ ሕሊናችሁ አስቀምጡ። ያን ጽሑፍ ብቻ ይዞ፣ እናንተን ሳይጠይቅ፣ ሥራውን መድገም ይችላል ወይ? ካልቻለ የቀረ ነገር አለ።

ሦስተኛ፣ ከሠራችሁት በላይ አትጠይቁ። ሶየርና ማን በወረቀት የሠሩትን ይዘው ዕፅዋትን ሁሉ ጠየቁ፤ የተማመኑበት ሰፊ መብት በፍርድ ቤት ፈረሰ።

የሌላውን ሥራ ስንገመግም ደግሞ "ማንም" ከማለታችን በፊት ያንን ሰው በስሙ እንጥራው፦ ምን የተማረ፣ ምን የሠራ፣ በየትኛው ዓመት የነበረ? ይህን ሳንመልስ የምንሰጠው ፍርድ የአንድን ሰው ድካም ያለ ሚዛን ማቅለል ይሆናል።